የአስረስ ከርከሮ

በሀገራችን በጦር ከሞተው አውሬ ይልቅ በአፍ የሞተው ይበልጣል። ይህን የምለው ማንንም ለመንካት አይደለም፤ እኔም ራሴ ሁለት ነብር አለኝ። አንዱን የገደልሁት ሠርግ ቤት ነው፣ ሌላውን ማኅበር ላይ። ሁለቱንም ጊዜ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ሰምቶኛል፤ አንድ ሽማግሌማ መርቀውኛል። ለመሆኑ ያልገደለውን ገደልሁ ያለ እንዲህ ከተከበረ፣ የገደለውን ገደልሁ ያለ ሰው ምን ይሆናል? አትጠይቁኝ አልልም፤ ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁና።

ነገሩ የጀመረው በአስረስ ገብስ ነው። አስረስ ጎረቤቴ፣ አብሮ አደጌ፣ የልብ ወዳጄ ነው። የገብስ ማሳው ከገደል አፋፍ ይገጥማል፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ አንድ ከርከሮ ይኖራል። ይኸ ከርከሮ ጎሕ ሲቀድ ይመጣና ማሳውን እያረሰ ይሄዳል። የሚበላውስ ይብላ፣ ምን ይደረግ፤ የሚያናድደው የማይበላውን መገልበጡ ነው።

በዚያው ሰሞን የአስረስ ሚስት የሺ፣ በተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው ወንድ ልጅ ወለደች። አርባ ቀኑ እሑድ ይሞላል። ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ። ኧረ ይህን በችኮላ አትለፉብኝ! እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠኝም። ለክርስትና አባትነትም ቢሆን ሰው ሲፈልጉ ዓይናቸው እኔን ዘሎ ነው የሚሄደው። በመንደራችን ክርስትና ያላነሣ ወንድ እኔና ያ ከርከሮ ብቻ ነበርን። አስረስ መጥቶ ልጄን አንተ አንሣልኝ ሲለኝ፣ ጭስ እንደገባበት ሰው ፊቴን አዙሬ ዓይኔን ጠረግሁ። እሳት አልነደደም ነበር።

እናም ከርከሮውን ከክርስትናው በፊት እንገላገለው ተባለ። በምን? ያኔ ንጉሡ ደብረ ታቦር ሰፍረዋል፤ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ መድፍ ለመሥራት ቀን ሙሉ ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር መዶሻው ይሰማናል። ጠመንጃ ያለው ከነጠመንጃው፣ ጦር ያለው ከነጦሩ ዘምቷል። መንደር የቀረነው ምክንያት ያለን ሰዎች ነን። የእኔ ምክንያት የታመመ ጉልበቴ ነው፤ የአስረስ ምክንያት የሚስቱ መውለድ ነው፤ የሦስተኛው ወዳጃችን የደብተራ ወርቄ ምክንያት ድምፁ ነው። እሱ ከዘመተ ማሕሌቱን ማን ይመራል?

አስረስ እብናት ገበያ ወርዶ በአንድ ጠቦት ሦስት ቀስት ከነፍላጻው ለውጦ መጣ። ሻጩ የቆላ ሰው ነው፤ እንዴት እንደሚወረወር በደንብ አሳይቶት ነበር አሉ። አስረስ ግን በዚያ ሰዓት ጠቦቱን እየተሰናበተ ስለነበር አላየም። ንጉሡ መድፍ፣ እኛ ቀስት፤ ሁሉም እንደ ጠላቱ።

ደጋ ተወልዶ ቀስት የሚያውቅ ማን አለ? ደብተራ ወርቄ ግን የማያውቀው ነገር እንዳለ ገና የነገረው ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ወሰደንና የመቅደሱን ግድግዳ አሳየን፤ ሰማዕታት ላይ ቀስት የሚወረውሩ ወታደሮች ተሥለዋል። ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን እንደሚሥል ሕፃን ልጅም ያውቃል። ወታደሮቹ ኃጥኣን ናቸውና ሁሉም ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ወርቄ ይህን ትክ ብሎ አየና ምሥጢሩ ተገለጠልኝ አለ፤ ለካስ ቀስት የሚወረወረው አንድ ዓይን ተጨፍኖ ኖሯል! የትኛው ዓይን እንደሚጨፈን ግን ሠዓሊው አልተናገረም። እኔ ግራውን፣ አስረስ ቀኙን ያዝን፤ ወርቄ ሊቅ ነውና እያፈራረቀ ሞከረ።

ሦስት ቀን ከሥራ መልስ በጭድ ክምር ላይ ተለማመድን። ክምሩ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ንብረቴን ልወቅ ብዬ በየፍላጻዬ ላባ ሥር ቀይ ክር አሰርሁ። የሺ ልጇን ታቅፋ ከደጃፍ ስታየን ቆይታ፣ ግድ የለም፣ ፍላጻው እንኳ ቢስተው በሳቅ ይሞትላችኋል አለች።

ቀኑ ቅዳሜ ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ አለ፤ እሑድ ክርስትና ነው፤ የቀረችው ቅዳሜ ናት። እሷ ደግሞ ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ አይታረስባትም፣ እንጨት አይፈለጥባትም፣ እህል አይፈጭባትም። ወርቄን ጠየቅነው። ብዙ አሰበ። ማረስ ተከልክሏል፣ መፍለጥም ተከልክሏል፣ ጅማት የታሰረበት እንጨት ይዞ ገብስ ውስጥ መጋደም ግን ተከለከለ ሲባል አልሰማሁም አለ። የሁላችንንም የነፍስ አባት መምሬ ተክሌን እንጠይቅ ወይ ብንለው፣ በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሽማግሌ ማድከም ነውር ነው ብሎ ቆጣን።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ማሳው ጥግ ተጋደምን። ጤዛው እስከ አጥንታችን ዘለቀ። ወርቄ በሹክሹክታ ይጸልያል፤ አስረስ ዝም በል ይለዋል፤ እኔ ሁለቱንም ዝም በሉ እላለሁ። ከርከሮው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ብቅ አለ። እኔ በሐሳቤ ካሳደግሁትም ይበልጣል! ጥርሱ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ የጀርባው ጠጉር ቆሟል። ሰው ደፋር ነኝ ሲል ከርከሮ ከፊቱ ቆሞ እንደሆነ ጠይቁልኝ። ወርቄ በስመ አብ አለ፤ ሦስታችንም ለቀቅን። አንድ ዓይን ጨፍኑ ተብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከስድስቱ ዓይኖቻችን የተከፈተ አልነበረም። አንድ ጩኸት ተሰማ። ገልጠን ስናይ ከርከሮው ጎኑ ላይ ፍላጻ ተሰክቶበት ይሮጣል። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደና ተዘረረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብትሰሙ ዝሆን የጣልን ይመስላችኋል። አስረስ ዘራፍ አለ። እኔም ዘራፍ ብዬ አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን እየጠራሁ ፎከርሁ፤ ወርቄ ደግሞ ፉከራውን በዜማ አደረገው። ችግሩ ሦስታችንም የፎከርነው በአንድ ከርከሮ ላይ መሆኑ ነው። ፍላጻው አንድ፣ ገዳዩ ሦስት። አስረስ በዓይኔ በብረቱ አየሁት አለ፤ በየትኛው ዓይንህ አልሁት። ልንያያዝ ጥቂት ቀረን።

ነገሩን የሚፈታው ቀይ ክሬ ነበር። ነገር ግን አውሬው የወደቀው በተወጋበት ጎኑ ነው፤ ፍላጻው ከሥሩ ተቀብሯል። በዱላ ልንገለብጠው ሞከርን፤ ሁለት ዱላ ተሰበረ። ይህን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ነጠላዬን ጣልሁ፤ የኋላና የፊት እግሩን በሁለት እጄ ይዤ ገለበጥሁት፤ ፍላጻውን መንጭቄ አወጣሁ። ቀይ ክር! የእኔ ነው! በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ወንድ ሆኜ አላውቅም። እጄ እስከ ክርኔ በደም ጨቀይቷል፤ እኔ ግን ፍላጻዬን ወደ ሰማይ ይዤ እስቃለሁ።

ወርቄ በለሰለሰ ድምፅ፣ ነገ ክርስትና የምታነሣው አንተ አይደለህም እንዴ አለኝ።

የመምሬ ተክሌን ሕግ የማታውቁ ብትኖሩ ልንገራችሁ። ርኩስ አውሬ ከሩቅ መግደል አያረክስም፤ በእጁ የነካ ሰው ግን ጠበል እየተረጨ ሰባት ቀን ከደጀ ሰላም አያልፍም። ለባላባትም ለድኻም ያው ነው። ፍላጻው ከእጄ ወደቀ። ሳቄም አብሮት ወደቀ። ልጁ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ያቺ ጡጫዋን ጨብጣ የምትተኛ ነፍስ! አርባ ቀኑ ደግሞ ለእኔ ብሎ አይገፋም። እኔ ከቀረሁ የሚያነሣው ወርቄ ነው። ወርቄ እስካሁን አሥራ አንድ አንሥቶ የሦስቱን ስም እንኳ አያስታውስም።

አስረስ መላ አመጣ። እንግዲያው አንተ ከርከሮ የሚባል አልነካህም፣ አልገደልህም፤ የገደልሁት እኔ ነኝ፤ ነገ ልጄን ታነሣልኛለህ አለ። ወዳጄ ስለ ልጁ ብሎ ነው እንዳልል ዓይኑ ፍላጻው ላይ ነበር። እኔም ወዲያው እሺ አልሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ቆየሁ። ምን ላድርግ፣ በዕድሜዬ የመጀመሪያው እውነተኛ አውሬዬ እኮ ነው! በመጨረሻ ክሩን ፈትቼ ፍላጻውን ሰጠሁት። ወንዝ ወርጄም በእንዶድ ሰባት ጊዜ ታጠብሁ፤ ስምንተኛውን ለራሴ ጨመርሁ።

ከቀትር በኋላ ሰው አስረስ ቤት ተሰበሰበ። የየሺ አባት ባላምባራስ ደስታም መጡ። እኒህ ሰው የስንት ዘመቻ ጠባሳ ያለባቸው ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አስረስን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ ያ ሰው ነው የሚሉት። አስረስ መተረክ ጀመረ። በመጀመሪያው ዋንጫ ከሩቅ ወጋው። በሁለተኛው ከቅርብ ወጋው። በሦስተኛው ከርከሮውን በሁለት እጁ ይዞ ገልብጦ ፍላጻውን ከጎኑ መነጨቀ። የእኔን ሥራ ከሰው አፍ ቁጭ ብዬ ሰማሁት፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ካደረግሁት አምሮ ነበር። ባላምባራስ ጢማቸውን ዳሰሱና፣ ልጄ፣ ና እዚህ ከጎኔ ተቀመጥ አሉት። አስረስ ልጄ ተብሎ ሲቀመጥ ነጠላውን ሁለት ጊዜ አስተካከለ። ያን ጊዜ ቀናሁበት ብል ውሸት ይሆናል፤ ደስ አለኝ።

እሑድ በጥዋት ቤተ ክርስቲያን ደረስን። የሺ ልጁን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ፣ አስረስ ከአማቱ ጋር። መምሬ ተክሌ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመዋል። እኔን ባረኩና አስረስን አቆሙት። ከርከሮ በእጄ ገለበጥሁ ብለሃል አሉ፣ እውነት ነው?

አስረስ መምሬን አየ፤ አማቱን አየ፤ እኔን አየ። የሺ በጥርሷ መካከል፣ አልነካሁም በል፣ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀህ በልጅህ ቀን ከደጅ ልትቆም ነው ወይ አለችው። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ዋሽቼ ነው ማለት። ባላምባራስ ግን ክንዱን እንደያዙት ነው። አስረስ አንገቱን ደፋና፣ አዎ፣ ነክቻለሁ አለ። እንግዲያው ከዚያ ዛፍ ሥር ቁም አሉት። ሄዶ ቆመ። ከዛፉ ሥር ሆኖ አንገቱን እያሰገገ ልጁን ለማየት ይሞክራል።

አላስቻለኝም። መምሬ፣ እሱ አይደለም አልሁ። ከርከሮውን የገደልሁት እኔ፣ የገለበጥሁትም እኔ ነኝ፤ እሱ በጣቱም አልነካው፤ እሱ ይግባ፣ እኔ ልቅር። ይህን ስል ልቤ እንዴት እንደደቀቀ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ሕዝቡ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከዚያ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። እዩልኝ፣ ለወዳጁ ብሎ! አለች። ባላምባራስ፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ ለኔም ቢኖረኝ አሉ። ኧረ እውነቴን ነው ብዬ ብምል ብገዘት፣ ባልሁ ቁጥር ዓይኖች እንባ ያቀርሩ ጀመር። ምስክሬ ወርቄ ነው አልሁ። መምሬ ተክሌ ወርቄን ጠሩት። ወርቄ ጥምጥሙን አስተካከለና፣ አባቴ፣ እኔ በቀዳሚት ሰንበት ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም አለ።

መምሬም የሰንበቱን መሻር ለብቻው እናየዋለን አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ የሰው ኃጢአት በራሱ ላይ የሚወስድ፣ ለክርስትና አባትነት ከዚህ የተሻለ ማን ይገኛል ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ልጁን ታቀፍሁት። እጄ ላይ ካረፈ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አለቀሰ። ሕፃን ልጅ አይሸነገልም። መምሬ፣ ርኩስ መንፈስ እየለቀቀው ነው አሉ፤ እኔም እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ አሜን አልሁ። ሥርዓቱ ሲያልቅ ከማንም በፊት ወደ ዛፉ ወሰድሁት። አስረስ በእጁ ሊነካው ፈርቶ፣ ስሙን ማን አላችሁት ብሎ ብቻ ጠየቀ፤ ስነግረው ፊቱን ወደ ዛፉ ግንድ አዞረ።

ሰኞ ነፍሴ አላርፍ አለችኝ። መምሬ ተክሌን ብቻቸውን አግኝቼ ከእግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ ቀስቱን፣ ክሩን፣ እንዶዱን ሳይቀር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አዝነው አዩኝ። ልጄ፣ ደግነትም ልክ አለው አሉ። ትናንት በሕዝብ ፊት ለወዳጅህ ብለህ የዋሸኸውን አልፌልህ ነበር፤ ዛሬ ግን ንስሐ ላይ ሆነህ ለነፍስ አባትህ ያንኑ ውሸት መድገምህ ከባድ ነው። አርባ ስግደት ጣሉብኝ። በዚህ ጉልበቴ አርባውንም ሰገድሁ፤ የገደልሁትን ከርከሮ ገደልሁ ብዬ በመዋሸቴ።