ሟቹን በመጨረሻ ያየው ሰው

[ጎፋ፣ የደርግ ዘመን፣ የነሐሴ መጨረሻ ሳምንት። የአብዮቱ በዓል ሊከበር ቀናት ቀርተውታል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውጪ ያካፋል። የጸጉር ሠሪዋ የጸሐይወርቅ ቤት አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክና ከበስተኋላ ወለል የሚነካ መጋረጃ አለው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ደምሰው አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮለት፣ ፊቱ ሳሙና ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጸሐይወርቅ ምላጭ ይዛ ከኋላው ቆማለች።]

ደምሰው፦ ጺሜን ብቻ ነው ያልኩት፣ እትዬ ጸሐይ! ማጅራቴን ማን ንኪ አለሽ?

ጸሐይወርቅ፦ ማጅራትህ እኮ ጫካ ሆኗል! ከፊት ሙሽራ፣ ከኋላ ሽፍታ ሆነህ ልትወጣ ነው?

ደምሰው፦ ሽፍታ ብሆን ይሻለኛል። ከኋላ የሚመጣ ምላጭ አይታየኝም።

ጸሐይወርቅ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ የማንን አንገት ቆርጬ አውቃለሁ?

ደምሰው፦ እሱን እኮ ለማጣራት ነው... [ያስላል] ሳሙናው አፌ ገባ።

ጸሐይወርቅ፦ አፍህን ከዘጋህ አይገባም። ለመሆኑ ጥሩንባህ የታለ? ያለሱ ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም ነበር።

ደምሰው፦ ውጪ ለቆመ ሰው አደራ ሰጥቼዋለሁ።

ጸሐይወርቅ፦ ከጨርቁ ስር የደበቅከውስ ምንድነው?

ደምሰው፦ ወረቀት። እርሳስም አለኝ።

ጸሐይወርቅ፦ ሊላጭ የመጣ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?

ደምሰው፦ የምትነግሪኝን ልጽፍበት።

ጸሐይወርቅ፦ [ፊቷ ይበራል] ታዲያ እንዲህ አትለኝም! እኔም የሚጽፍልኝ ሰው ነው ያጣሁት፤ የኔ እጅ ሁልጊዜ እንደረጠበ ነው። ስማኝ ደምሰው፣ በዚህ ሰፈር ሰው ተገድሏል።

ደምሰው፦ [ሊነሳ ይሞክራል] ራስሽ ተናገርሽው?

ጸሐይወርቅ፦ ቁጭ በል! እኔ ካልተናገርኩ ማን ሊናገር ነው? ከኔ በላይ ይህን ነገር የሚያውቅ አለ?

ደምሰው፦ እሱስ ልክ ነሽ። ከአንቺ በላይ ማን ሊያውቅ።

ጸሐይወርቅ፦ ሟቹ ወጋየሁ ነው።

ደምሰው፦ የትኛው ወጋየሁ?

ጸሐይወርቅ፦ ስንት ወጋየሁ አለን? ጎረቤቴ ነዋ! የእድራችሁ ጸሐፊ! የገደለችው ደግሞ ሚስቱ ውብነሽ ናት።

ደምሰው፦ ጋሽ ወጋየሁ? አሁን እኮ እሱ...

ጸሐይወርቅ፦ አታቋርጠኝ! ያንተ ሥራ ሰው ሲሞት ጥሩንባ መንፋት ነው። እንዴት እንደሞተ ማሰቡን ለኔ ተወው።

ደምሰው፦ እሺ፣ ትቻለሁ። ግን አንቺ ጸጉር ሠሪ ነሽ፤ ይህን በምን አወቅሽ?

ጸሐይወርቅ፦ ጸጉር ሠሪ ያላወቀውን ማን ያውቃል! አንዲት ሴት ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ስትከት ጆሮዋ ይደፈናል። ጆሮዋ ሲደፈን ያንሾካሾከች እየመሰላት ትጮሃለች። የዚህ ሰፈር ምስጢር ሁሉ እዚህ ወንበር ላይ በጩኸት ነው የሚነገረው። ይልቅ ጻፍ! አንደኛ፣ ባሏ ከሰኞ ጀምሮ አልታየም። ሌላ ጊዜ ጋዜጣውን ብብቱ ስር ሸጉጦ በዚህ በር ሲያልፍ "እንዴት አደርሽ" ሳይለኝ ሥራ አይገባም።

ደምሰው፦ [ቃላቱን እየጎተተ ይጽፋል] ባሏ... አምስት ቀን... አልታየም። ጋሽ ጌቱስ?

ጸሐይወርቅ፦ [ምላጩ ቀጥ ይላል] የኔ ባል ምን አደረገ?

ደምሰው፦ ምንም። እሱም አልታየም ብዬ ነው።

ጸሐይወርቅ፦ ጌቱ ናዝሬት ሄዷል፣ እህቱ ጋ! ስለሞተ ሰው እያወራን በሕይወት ያለውን ምን ታመጣብኛለህ?

ደምሰው፦ በሕይወት አለ ማለት ነው?

ጸሐይወርቅ፦ አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ሁለተኛውን ጻፍ። "ባልሽ የት ጠፋ?" ብላት ጠዋት "ሥራ ነው" አለችኝ፣ ከሰዓት "አሞት ተኝቷል" አለችኝ። ንጹሕ ሰው አንድ ቃል ነው ያለው።

ደምሰው፦ ባሏ ያለበትን... ስትጠየቅ... ቃሏን ትለዋውጣለች። ጋሽ ጌቱ መቼ ነው የሚመለሰው?

ጸሐይወርቅ፦ እኔ ምን አውቃለሁ! በዚህ ዝናብ የጅማ መንገድ ተበላሽቷል ይላሉ።

ደምሰው፦ [ይጽፋል] ጅ...ማ...

ጸሐይወርቅ፦ ጅማን ምን ጻፍ አለህ?

ደምሰው፦ እጄ አምልጦኝ ነው። ኧረ ቀስ! ቆረጥሽኝ!

ጸሐይወርቅ፦ [በጨርቁ ጫፍ ትጠርግለታለች] ጠብታ ናት። ስለምትንቀጠቀጥ ነው። በዚህ ዕድሜህ ምላጭ ትፈራለህ?

ደምሰው፦ ዛሬ ጀመረኝ።

ጸሐይወርቅ፦ ሦስተኛው አሁን ያስደነግጥሃል። ረቡዕ ዕለት ከውብነሽ ግቢ ጥቁር ውሃ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ጥቁር! ምን ብታጥብበት ነው?

ደምሰው፦ ሰኞ በቦዩ የወረደው ግን ቀይ አልነበረም?

ጸሐይወርቅ፦ ቀዩ የኔ ነው!

ደምሰው፦ [ይጽፋል] ቀዩ... የሷ... ነው።

ጸሐይወርቅ፦ የጸጉር ቀለም ነው ባክህ!

ደምሰው፦ የማን ጸጉር? ሰኞ ማን ገባ?

ጸሐይወርቅ፦ [ትደናገጣለች] እ... እሱን ተወው። ይልቅ ገባ ስትል አራተኛውን አስታወስከኝ። ከሰኞ ወዲህ አንዲት ሴት ደጄን አልረገጠችም! በዓል ሊደርስ፣ ዘመን ሊለወጥ፣ ሰው ተሰልፎ የሚሠራበት ሳምንት እኮ ነው። ሴት ጸጉሯን የማትሠራው መቼ ነው? ሐዘን ላይ ስትሆን! የወጋየሁን ሞት ሁሉም አውቀው እኔን ብቻ ደብቀውኛል። በዚህ ከቀጠለ ይህንን በር ዘግቼ ቁጭ ማለቴ ነው፣ ደምሰው። ሌላ ሙያ የለኝም።

ደምሰው፦ [በሐዘኔታ] ሴቶቹ የቀሩት በሐዘን አይደለም፣ እትዬ ጸሐይ።

ጸሐይወርቅ፦ በምንድነው ታዲያ?

ደምሰው፦ አንገታቸውን ወደው ነው።

ጸሐይወርቅ፦ ምን ማለት ነው?

ደምሰው፦ ብርዱን ማለቴ ነው! ነሐሴ እኮ ነው፣ ጸጉር ታጥቦ አንገት ሲመታ...

[ከመጋረጃው ጀርባ ከባድ ማነጠስ ይሰማል።]

ጸሐይወርቅ፦ ድመቷ ናት!

ደምሰው፦ ይማርሽ። [ይጽፋል] ድመት... አነጠሰች። ድምፅዋ... የወንድ ነው።

ጸሐይወርቅ፦ የድመት ማነጠስ ምን ይጻፋል! ይልቅ ዋናውን ሕግ ጻፍ፣ ከስሩም አስምርበት። ሟቹን በመጨረሻ ያየው ሰው ገዳዩ ነው!

ደምሰው፦ ሁልጊዜ?

ጸሐይወርቅ፦ ሁልጊዜ! በር ዘግቶ ከሟቹ ጋር ብቻውን የነበረ ሰው ከተገኘ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ደምሰው፦ [እያሰመረ] ሌላ ማስረጃ... አያስፈልግም። እሷ ናት ያለችው።

ጸሐይወርቅ፦ ጎበዝ። በል ከመጀመሪያው አንብብልኝ። ይህንን ይዘን ቀጥታ ወደ አብዮት ጥበቃ ነው።

ደምሰው፦ ባላነበው አይሻልም?

ጸሐይወርቅ፦ አንብብ!

ደምሰው፦ [ወረቀቱን ከሳሙናው ያርቃል] "የጎፋ ነዋሪ የሆነችው ጸጉር ሠሪ ጸሐይወርቅ፣ ባሏ ጌቱ ከሰኞ ጀምሮ አልታየም።"

ጸሐይወርቅ፦ ስሙን ተሳስተሃል! ውብነሽ በል እንጂ!

ደምሰው፦ አልተሳሳትኩም። "ባሏ ያለበትን ስትጠየቅ ለጎረቤቷ ለሸዋረገድ ሐረር፣ ለደምሰው ናዝሬት ብላ፣ ትንሽ ቆይታ ጅማ ብላለች። ሰኞ ከሰዓት ከቤቷ አንድ ወንድ 'አለቀልኝ!' እያለ ሲጮህ ሰፈሩ ሰምቷል። ወዲያው በቦዩ ቀይ ውሃ ወርዷል። ውሃው የኔ ነው ብላ አምናለች። ባሏን በመጨረሻ ያየችው እሷ ናት። በራሷ ቃል፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።"

[ጸሐይወርቅ ምላጯን እንደያዘች ደርቃለች።]

ደምሰው፦ ምላጩን አስቀምጪልኝና እንነጋገር።

ጸሐይወርቅ፦ ይህን... ይህን ማነው ጻፍ ብሎ የላከህ?

ደምሰው፦ ጋሽ ወጋየሁ።

ጸሐይወርቅ፦ ሟቹ?

ደምሰው፦ አዎ፣ ሟቹ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራውን ትቶ በአጥሩ ቀዳዳ አንቺን ሲጠብቅ ነው የከረመው። እትዬ ውብነሽ ታዲያ ምን ትበልሽ? "ባሌ አንቺን እየሰለለ ነው" ትበልሽ?

ጸሐይወርቅ፦ ጥቁሩ ውሃስ?

ደምሰው፦ ለጋሽ ጌቱ ሐዘን ነጠላዋን ጥቁር ስትነክር ነዋ። ምስኪን፣ ሦስት ቀን አለቀሰችለት።

ጸሐይወርቅ፦ [ወንበር አጥታ መሬት ላይ ትቀመጣለች] እኔ? ጌቱን? ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው? ቅንድቡን ሳስተካክልለት እንኳ እጄ የሚርበተበትለትን? ያቺ ልጇን የሞሸርኩላት ሸዋረገድ፣ እሷም አመነች?

ደምሰው፦ ሁሉም አመኑ። እኔ ብቻ "እትዬ ጸሐይ ዝንብ አትገድልም" አልኩ። "እንግዲያው ግባና አንገትህን ስጣት፣ እናያለን" አሉኝ። ገባሁ።

ጸሐይወርቅ፦ ካመንከኝ ምን አንቀጠቀጠህ?

ደምሰው፦ እኔ አምኜሻለሁ። አንገቴ ነው ያላመነው።

ጸሐይወርቅ፦ [እያለቀሰች ትስቃለች] አይ ደምሰው! አሁን ምን ይሻለኛል?

ደምሰው፦ ጋሽ ጌቱን አሳይኝና ይለቅ። ያለዚያ ዛሬውኑ አብዮት ጥበቃ ይጠራል፤ መጋረጃውን እነሱ ይገልጡታል።

ጸሐይወርቅ፦ አልችልም። ለማንም አላሳይህም ብዬ በልጆቼ ምዬለታለሁ።

[መጋረጃው ይገለጣል። ጌቱ ትልቅ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ ይወጣል።]

ጌቱ፦ በቃ፣ ከምትታሰሪ እኔ ልዋረድ። [ፎጣውን ይፈታል። ጸጉሩ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል።]

[ደምሰው አፉን በሁለት እጁ ይይዛል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።]

ጌቱ፦ ሳቅ፣ ሳቅ! የቀበሌው ኪነት ለበዓሉ በሚያሳየው ቴአትር ላይ ወጣቱን ገበሬ ሆነህ ትጫወታለህ አሉኝ። ደስ አለኝ። "ሽበትህን ብቻ አንድ ነገር አድርገው" አሉኝ። እኔም እቤቴ ባለሙያ አለችኝ ብዬ ጭንቅላቴን ሰጠኋት!

ጸሐይወርቅ፦ ጥቁር ቀለም ከገበያ ጠፋ! ሦስት ዓመት የቆየ ቀለም ነበረኝ፣ አነሰኝና ሂና ጨመርኩበት። ጥቁር ይሆናል ብዬ እኮ ነው።

ጌቱ፦ መስታወት ሳይ ነው "አለቀልኝ" ያልኩት። አልተሳሳትኩም።

ደምሰው፦ ጋሽ ጌቱ፣ እውነቱን ልንገርህ? ሞተህ ባገኝህ እንዲህ አላዝንልህም ነበር።

ጸሐይወርቅ፦ አፍህን ዝጋ! ይልቅ ሂድና ለወጋየሁ ንገርልኝ። ስለ ጸጉሩ ሳይሆን ስለ ሕይወቱ ብቻ!

ደምሰው፦ በግማሽ ሳሙና? መጀመሪያ ጨርሺኝ እንጂ። ለመሆኑ ስንት ሰዓት ሆነ?

ጌቱ፦ ዘጠኝ ከሩብ።

ደምሰው፦ [ይደነግጣል] ወይኔ! "እስከ ዘጠኝ ካልወጣህ እናውቃለን" ብለውኝ ነበር።

ጸሐይወርቅ፦ ምን ያውቃሉ?

[ከውጪ ጥሩንባ ይነፋል። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።]

የወጋየሁ ድምፅ፦ [ከውጪ] ስሙ! ስሙ! የእድራችን ጥሩንባ ነፊ የነበረው ደምሰው አስረስ፣ አንገቱን ለሰፈሩ ሰጥቶ በዛሬው ዕለት አርፏል! ድንኳን ተከላ ስላለ ወንድ የሆንክ ሁሉ ውጣ!

[የሴቶች ለቅሶ ይጀምራል።]

ደምሰው፦ ኧረ እኔ ነኝ! እኔን እኮ ነው! ደግሞ አነፋፉን ስሙት እስቲ! ሦስት ጊዜ ረጅም፣ ከዚያ አንድ አጭር ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በሥርዓት ሸኝቼ፣ የኔን እንዲህ ያበላሹታል?

ጌቱ፦ ሩጥና እዩኝ በላቸው!

ደምሰው፦ [ይነሳል፤ በመስታወቱ ራሱን ያያል] ግማሽ ጺም፣ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ደም። ይህን ለብሼ ብወጣ ተገንዤ የተነሳሁ ነው የሚመስላቸው። እድሩ በሙሉ እስከ ላፍቶ ይሮጣል።

ጸሐይወርቅ፦ [እንባዋን ጠርጋ ትነሳለች፤ ወረቀቱንና እርሳሱን ከእጁ ትቀማለች] ማንም አይሮጥም! ቁጭ በል ደምሰው! እንዲህ በጭፍን ሰው አይገደልም። ይህን ነገር እኔ ራሴ አጣራዋለሁ።

ደምሰው፦ የኔን ሞት?

ጸሐይወርቅ፦ ያንተን ሞት! የጠየቅኩህን ብቻ መልስ። ሟቹን በመጨረሻ ያየው ማነው?

ደምሰው፦ አንቺ ነሽ፣ እትዬ ጸሐይ። ያውም በር ዘግተሽ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም ብለሻል፤ አስምሬበታለሁ።