የሌለ ሰው ጠበቃ

አምስት ሰው ተሰብስቦ የሚሠራበት ቤት ሁሉ፣ ከአምስቱ አንዱ ወሬ ገዳይ ነው። በጥናት አላረጋገጥኩትም፤ የሚከራከረኝ ካለ ግን ይምጣ። አራቱ ሰዎች በቦታው የሌለን ሰው አጋድመው፣ ቢላዋ ስለው፣ ገና ቆዳውን መግፈፍ ሲጀምሩ አምስተኛው ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ ያደርግና «ምናልባት እኮ…» ይላል። በቃ። የተጋደመው ሰው አቧራውን አራግፎ ይነሳል፣ ቢላዋው ወደ አፎቱ ይመለሳል፣ ሁሉም ወደ ሥራው።

የኛ ቤት ወሬ ገዳይ ልብስ የሚተኩሱት እትዬ ናቸው። ቤቱ ልብስ ስፌት ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ የእትዬ መተኮሻ። እኔ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። ከሳቸው ጋር ያለን ርቀት ሦስት ክንድ ቢሆን ነው።

ይህ ርቀት ለኔ ምን ማለት እንደሆነ እንድትረዱልኝ አስተዳደጌን ልናገር። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ አክስቴ ደግሞ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ሳያድር የሚገባባት ሴት ነበረች። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም። ማንበብ የቻልኩት አክስቴ ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ የሚያነብላት ስለፈለገች ነው። በሰባት ዓመቴ ማን ከማን እንደተጣላ፣ በዘጠኝ ዓመቴ ለምን እንደተጣሉ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ደግሞ መቼ እንደሚጣሉ አውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ከእትዬ አጠገብ አሥራ አንድ ዓመት ማስቀመጥ ቅጣት እንጂ ሥራ አይባልም።

«ክብርት ጠበቃ» የሚለውን ማዕረግ ያወጣንላቸው እኔና ባለ መኪናው ነን። ባለ መኪናው ስል የስፌት መኪናውን ነው፤ ሌላ መኪና የለውም። ክብርት ጠበቃ ፈቃድ የላቸውም፣ ቢሮ የላቸውም፤ ደንበኞቻቸውም ጠበቃ እንደቆመላቸው አያውቁም። ደንበኛቸው ለመሆን መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፤ ስምህ ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ አለመኖር። «እሱ የለም እኮ» ይላሉ፣ ካውያውን ሳያቆሙ። «ይምጣና በአፉ ይናገር።» መምጣት የማይችል ከሆነ ደግሞ «ምናልባት እኮ» ይከተላል።

አንድ ጠዋት የአውቶቡስ ሾፌር በሩን አፍንጫቸው ላይ ዘግቶባቸው ሄደ። አርፍደው፣ በላብ ተነክረው ገቡ። እኔና ባለ መኪናው ስለ ሾፌሮች ያለንን እውቀት ሁሉ ልናፈስ ስንል «ምናልባት እኮ እናቱ ታመውበት ይሆናል» አሉ። እናቱን ከየት አመጧቸው? ከራሳቸው። ፈጥረዋቸው ሲያበቁ ግን አመኑባቸውና ሳምንቱን ሙሉ ጸለዩላቸው። በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ሾፌሩን «እናትህ ተሻላቸው?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ደነገጠ። እናቱ ደህና ናቸው፤ እሱ ግን ከደወለላቸው ሦስት ወር አልፎት ነበር። የዚያኑ ቀን ደወለ። አሁን እትዬ ከሩቅ ሲመጡ ካየ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየጮኸበት ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

አይጥ አንድ ጥቅል ገበር የበላችብን ጊዜም አልተዉንም። ባለ መኪናው ወጥመድ ይዞ ሲገባ፣ ልጆች ይኖሯት ይሆናል፣ የምታነጥፍላቸው አጥታ ነው አሉ እትዬ። ወጥመዱን እንደያዘ ቀረ። እስከ ምሳ ድረስ የገዳይ ፊት ይዞ ነበር የሚሰፋው።

እኔ ግን ተስፋ የምቆርጥ ሰው አይደለሁም። አንድ እሑድ እትዬ በሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሰበከ ሰማሁ። ከማን እንደሰማሁ አትጠይቁኝ። ሰኞ ጠዋት እጄን እያሻሸሁ ገባሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በእንጨት ወንበር ላይ ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጠዋል፤ ለዚህ ሰውዬ ምንም መከላከያ ሊያገኙለት አይችሉም። ትንሽ አሰቡና «ምናልባት እኮ» አሉ፣ «አንዴ ሲነግረን ስላልሰማነው ይሆናል የደጋገመው።» ጭራሽ ተከሳሾቹ እኛ ሆንን።

ደግሞ ለስላሳ ሴት አይምሰሏችሁ። ፊት ለፊት ሲሆኑ ያስፈራሉ። ስለ አንተ የታዘቡትን ለማንም አይናገሩም፤ ለራስህ ይነግሩሃል፣ ይህ ደግሞ ከሐሜት ይከፋል። ባለ መኪናውን አንድ ቀን ወደ ጥግ ወስደው ብብቱ እንደሚሸት በዝግታ ነገሩት፤ በማግስቱ ሳሙና ይዘውለት መጡ። ለኔ ሹክ ቢሉኝ ኖሮ ሦስት ዓመት የምጫወትበት ነገር ነበር። እኔ የሰማሁት እንኳ ሰውዬው ራሱ ስላላስቻለው ነው።

አንዴ መረረኝና ይሄ የሰው ሁሉ ጠበቃ መሆን ምን እንደሚያደርግላቸው ጠየቅኳቸው። ስብከት ይመጣል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። «እኔም በማልደርስበት ቦታ የሚቆምልኝ አለ» አሉኝ። «እሱ ዝም ቢለኝ ኖሮ የት ነበርኩ?» ከዚያ የሱሪውን እጥፋት ማስተካከል ቀጠሉ። ወደ ላይ እንኳ አላመለከቱም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በሽታቸው መጋባቱ ነው። ባለቤቴ አንድ ማታ ስለ እህቷ ልታማርር ቁጭ አለች፤ ጥሩ፣ ረጅም፣ ወንበር ስቦ የሚሰሙት ዓይነት ምሬት። እኔም አፌን ከፈትኩና «ምናልባት ደክሟት ይሆናል» አልኩ። ባለቤቴ ተነስታ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የእጅጌው ነገር የመጣው።

አንድ የመዘምራን ቡድን ሃያ አራት ረጅም ልብስ አዘዘን፤ ከከፋይ የሚሰፋ። ከፋይ ፊትና ጀርባ ያለው ጨርቅ ነው፤ መገልበጥ አይቻልም። ስለዚህ የግራውን እጅጌ ከቆረጥክ በኋላ ልኩ የተሠራበትን ወረቀት ገልብጠህ የቀኙን ማስመር አለብህ። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ችግሩ ያን ቀን መቀሱን የያዝኩት ለባለ መኪናው ስለ ዳቦ ጋጋሪው ሁለተኛ ስልክ እየተረክሁለት ነበር፤ ወሬው ደግሞ ማቋረጥ የሚቻል አልነበረም። ወረቀቱን ሳልገለብጥ ቀረሁ። አርባ ስምንት እጅጌ፤ አርባ ስምንቱም የግራ።

የታወቀው በማግስቱ ጠዋት፣ ባለ መኪናው ሊገጥም ሲቀመጥ ነው። አለቃችን ተጠራች። አለቃችን ቤቱን ከአባቷ የወረሰች፣ በዕድሜ ከኔ የምታንስ፣ ቁጣዋ ግን የአባቷን የሚያህል ሴት ናት። እጅጌዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸውና ማን እንዳሰመረው ጠየቀች።

ያን ቀን ቁልፍ ሰፊያችን አልመጣችም ነበር። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ወጣት ናት፤ ሕፃኗ አተኩሷት ስትቀር በወሩ ውስጥ ሦስተኛዋ ነው። አለቃችን ከዚህ በኋላ አንድ ጥፋት ካየሁብሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ እንዳለቻት ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ነው የሰማሁት።

«ትናንት ጠመኔው እሷ እጅ ነበር» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ጠመኔው እውነትም እሷ እጅ ነበር፤ ኮሌታ ታሰምርበት ነበር። አክስቴ ብትሰማኝ ትኮራብኝ ነበር፤ እውነቱን ተናግሮ የመዋሸት ጥበብ ከሷ የወረስኩት ነው።

አለቃችን ስልኳን አነሳች።

እትዬ ካውያውን አቆሙ። «እሷ የለችም እኮ። ትምጣና በአፏ ትናገር።»

«ምን ትላለች? እጅጌዎቹ ተናግረው ጨርሰዋል» አለች አለቃችን። እትዬ መከላከል ጀመሩ፤ ልጅ የታመመባት እናት እጇ እንጂ ልቧ ጠረጴዛው ላይ አይሆንም፣ እንቅልፍም አላገኘች፣ ለዛሬ እለፊያት አሉ። አለቃችን አዝናለሁ፣ ግን አልችልም አለች። እትዬ እንደገና ለመኑ። ልጅቷ ላልሠራችው ጥፋት ምሕረት እየለመኑላት ነው፣ እኔ ደግሞ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ አያለሁ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። በጥርጣሬ ቢያዩኝ እችለው ነበር፤ በጥርጣሬ ሲታይ የኖረ ሰው ነኝ። እሳቸው ግን ያዩኝ የሚያግዘው እንዳጣ ሰው ሆነው ነው።

«አንተ ትናንት አብረሃት ውለሃል» አሉኝ። «ስለሷ የምትልላት አንድ ነገር የለህም?»

ወደ ጠረጴዛው አየሁ፤ አርባ ስምንቱ እጅጌ ወደኔ ተዘርግቷል።

«ጠመኔው ለኮሌታው ነበር» አልኩ። «እጅጌውን ያሰመርኩትም የቆረጥኩትም እኔ ነኝ።»

ባለ መኪናው እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። አለቃችን ስልኩን አስቀመጠችና ውጭ እንድጠብቅ ነገረችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።

መንገዱን ተሻግሬ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ከክፍል ሲወጣ ከኋላው ምን እንደሚባል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ዝምታ አለ። ቀጥሎ አንድ ሰው «እኔስ ድሮም» ብሎ ይጀምራል። በመስኮቱ የባለ መኪናው እጅ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፤ ጥሩ እየሄደለት ነበር። በሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጠሩኝ። ስገባ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። አለቃችን በተበላሸው ፋንታ የሚመጣውን ከፋይ እኔ እንደምቆርጥ፣ መቀስ በያዝኩ ቁጥር ደግሞ ወሬ የሚባል ነገር ከአፌ እንዳይወጣ ነገረችኝ። ሁለተኛው ቅጣት ከመባረር ይከብድ እንደሆነ ጥቂት አሰብኩበት።

እትዬ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «መቀስ ማንንም ያሳስታል» አሉኝ። «ግን ልጅቷ መልስ መስጠት በማትችልበት ቦታ ጥፋትህን ጫንክባት። ይሄ ክፉ ሥራ ነው። ዛሬውኑ ቤቷ ሄደህ አንተው ንገራት።»

ስለ ማንም እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

«አልመጣም» አሉ። «ከመጣሁ ላንተ መከራከሬ አይቀርም።»

ብቻዬን ሄድኩ። ቁልፍ ሰፊዋ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አጋድማ በሩን ከፈተችልኝ። እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ፣ ሳላሳምር፣ ሳላሳጥር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ሁሉም ግራ?» አለች። ሁሉም አልኳት። ሳቀች፤ ሕፃኗ እስክትነቃ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን ከሥራ ብትባረር ይህችን ልጅ በምን እንደምታሳድጋት አስቤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላሰብኩም አልኳት። እንቅልፍ ስትጠግብ በደንብ እንደምትቆጣኝ ነገረችኝና፣ እስከዚያው ያዝልኝ ብላ ልጅቷን እጄ ላይ አኑራ የመድኃኒቱን ማንኪያ ልታጥብ ገባች። ሲመሽም አልተቆጣችኝም። በሦስተኛው ቀን ነው የተቆጣችኝ፣ እንዳለችውም በደንብ ነበር።

ደረጃው ላይ ሳለሁ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን የሰማሁት በማግስቱ ከባለ መኪናው ነው። እሱ ሆድ ውስጥ ነገር አያድርም፣ የራሱም ቢሆን። እንደገመትኩት «እኔስ ድሮም» ያለው እሱ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ጥፋቴን በቅደም ተከተል ዘርዝሯል፤ እንዲያውም ሁለቱን እኔም ረስቻቸው ነበር። ሲጨርስ አለቃችንም እሱም ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የጠበቃዋ ተራ ነው።

እትዬ ነጭ ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር። «ምናልባት እኮ…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ጣሪያውን አዩ። እንደገና «ምናልባት…» አሉ፣ እንደገና ቆሙ። ለማንም አጥተው የማያውቁት ሰበብ ለኔ ጠፋባቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ከራሳቸው ጋር ይሁን ከሌላ ጋር እየተነጋገሩ ሲፈልጉልኝ፣ እጃቸው ካውያው ላይ ካውያው ሸሚዙ ላይ እንዳለ ተረሳ። ጭሱ ጣሪያ ሲደርስ ነው ሦስቱም ያዩት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራ አንድ ክር እንኳ አሳርረው የማያውቁ ሴት ናቸው። አለቃችን ሮጣ ገመዱን ነቀለች፤ ሸሚዙን አነሳች፤ እትዬን አየች፤ ሳቋ አመለጣት።

«በቃ ይግባ፣ እትዬ» አለች። «ቤቱን ሳያቃጥሉብን።»

ለሸሚዙ ባለቤት ሌላ ሰፋንለት። የተቃጠለውን እኔ ወሰድኩት። ጀርባው ላይ፣ ልክ ከሁለቱ ትከሻዎቼ መሀል፣ ጫፉ ወደ ላይ የዞረ ቡናማ የካውያ ቅርጽ አለ። እሑድ እሑድ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እትዬ ባዩት ቁጥር ያፍራሉ፤ ጠጋ ብለው ኮት ደርብበት ይሉኛል።

ሞቆኛል እላቸዋለሁ።