ምላሴን ያዩት ወይዘሮ ግዌንዳ

በየከተማው «እንዴት ነህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከእንዲህ ያለ ሰው ማምለጥ ከባድ ነው። በእኛ በአውስትራሊያዋ ትንሽ ከተማ፣ በመለምቢምቢ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ግዌንዳ ፕራት ናቸው፤ የተፈጥሮ ሕክምና አዋቂ፣ የቅጠላ ቅጠል ባለሟል፣ የጫማ ጠላት።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ደረጃ ስወጣም ይደክመኛል። እህቴ ሎሬይን ከሩቁ ከፐርዝ ከተማ ደውላ፣ «ኮሊን፣ በቃ ሂድና ወይዘሮ ግዌንዳ ይዩህ! ሌላው ቢቀር ሰው ታያለህ» አለችኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ ልንገራችሁ፤ መርፌ አትጠብቁ፣ ጥያቄ ጠብቁ። አሥር ደቂቃ መስሎኝ ገብቼ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ምላሴን አውጥቼ አሳየሁ። ጥፍሬ ተመረመረ። ስለ ሰገራዬ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኳትን አስረዳሁ። ክብርነታቸው በየመልሱ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ።

«ትናንት እራት ምን በላህ?»

«ዳቦ በቬጂማይት» አልኩ፤ ጨው ጨው የሚለው የአገራችን ጥቁር የዳቦ ቅባት ነው።

«ከትናንት ወዲያስ?»

«እሱኑ።»

«ከማን ጋር?»

«ከቴሌቪዥኗ ዜና አንባቢ ጋር።»

አልሳቁም። ብዕራቸውን አስቀምጠው ጠበቁኝ። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝ ነገር ነውና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከዚያ እጄን ይዘው የደም ሥሬን ዳሰሱ። ጥያቄያቸውን ትተው መቁጠር ጀመሩ። ወይዘሮ ግዌንዳ ጥያቄ ሲያቆሙ ያየ ሰው በከተማው የለም።

«ልብህ እየዘለለ ነው የሚመታው። ለዚህ የሚሆን ቅጠል የለኝም። ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

«አሁን? አንድ ጠብታ ነገር ይስጡኝና ልሂድ እንጂ!»

«ኮሊን፣ አትጨቅጭቀኝ!»

መኪናቸውን በባዶ እግራቸው እየነዱ ወሰዱኝ። ሐኪሞቹ የልቤን ነገር አረጋገጡ፤ ዛሬም ድረስ ኪኒን እውጣለሁ። ትንሽ ቆይቼ ብመጣ ኖሮ አልተርፍም ነበር ብለውኛል፤ ይህን ታሪክም ሌላ ሰው ይጽፍልኝ ነበር።

የዚያን ቀን ነርሷ ቅጽ ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ ዕድሜዬን ጻፍኩ። «ድንገት ቢያስፈልግ የሚጠራ፣ ቅርብ ያለ ሰው» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሩ ቆመ። ሎሬይን ያለችው በአገሩ ሌላ ጫፍ ነው። ሌላ ሰው አሰብኩ፤ አሰብኩ።

ወይዘሮ ግዌንዳ ቅጹን ከእጄ ነጥቀው ስማቸውንና ስልካቸውን ሞሉ። «ዝምድና» በሚለው ፊት ለፊት «ጎረቤት» ብለው ጻፉ።

ቤታቸው ከከተማው ውጭ ነው፤ ከቤቴ አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል።