የቶርንቢ የሴቶች ማበረታቻ ጃንጥላ

የቶርንቢ የሸክላ ተኩስ ክበብ ለሴቶች ተሳትፎ የዋለውን ውለታ መላው ዮርክሽር ሊዘነጋው አይገባም። ሊቀ መንበሩ ሻለቃ ፔሪግሪን ትዌይት እሳቸውን ጨምሮ ሰባት አባላት ያሉት የሴቶች ማበረታቻ ኮሚቴ አቋቁመዋል፤ ጉዳዩ ብርቱ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ ሰባቱም ወንዶች ናቸው። ኮሚቴው አራት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ከሴቶች አንደኛ ለምትወጣው ሮዝ ጃንጥላ እንዲሸለም በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

የብር ዋንጫው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሻለቃው ምድጃ በላይ ከተቀመጠ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሻለቃውም ያለ እሱ ራት አይጥማቸውም። የተኩሱ መስክ የእሳቸው ርስት ስለሆነ፣ የቶርንቢ ወንዶች ወደ ሰማይ ከሚወነጨፉት የሸክላ ሳህኖች የመጨረሻዎቹን በጨዋነት ይስታሉ። ይህን ጨዋነት ለሴቶቹ የነገራቸው አልነበረም።

ወይዘሮ ሞድ ጋርበት አሳማ አርቢ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመስኩ ዳር ባለች ጎጆ ውስጥ ቆማ፣ ወንዶቹ «ልቀቂ!» ባሉ ቁጥር የማስወንጨፊያውን ቁልፍ ስትጫን ኖራለች። ዘንድሮ ቁልፉን ለሰፈሩ ቄስ ሰጥታ ጠመንጃ አነሳች።

«አርባ ስምንት መታች» አሉ ጸሐፊው ሚስተር ኔትልተን በሹክሹክታ።

«እኔስ?» አሉ ሻለቃው።

«ከሃምሳው ሠላሳ አንድ። ከወንዶች አንደኛ ነዎት።»

«ነፋሱ ነው።»

«ለእሷም ያው ነፋስ ነበር እኮ።»

«ነፋስ ሰው አይመርጥም ያለህ ማነው? ይልቅ ንገረኝ፤ በደንባችን አንድ ሰው ሁለት ሽልማት ይወስዳል?»

«አይወስድም።»

«እንግዲያው ጃንጥላውን ስጧት፣ ቶሎ በሉ!»

ዋንጫውም በደንቡ መሠረት ወደ ሻለቃው ዞረ። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዛሬ ሴት ልጅ ከወንድ እኩል መሆኗን በዓይናችን አየን!» ብለው ተናገሩ።

«እኩል?» አለች ሞድ ጃንጥላዋን እያገላበጠች። «በአሥራ ሰባት በለጥኩዎት እኮ ሻለቃ።»

«ቅር አይበልሽ እንጂ፤ ማበረታቻ ነው።»

«ምን ቅር ይለኛል። ግን እነዚህ ሰዎች የመጨረሻዎቹን አሥር ሸክላዎች ለምን ወደ ዛፉ እንደሚተኩሱ ጠይቀው ያውቃሉ?»

ስድስቱ የኮሚቴ አባላት ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ዛፉ ያታልላል» አሉ ሻለቃው በእርግጠኝነት።

ነገሩ በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን የአውራጃው ማኅበር በዚያው ዓመት አዲስ ደንብ አውጥቶ ኖሯል፤ ዋንጫ የያዘ ሁሉ በአውራጃው ውድድር ክበቡን ወክሎ ይተኩሳል። ሻለቃው በደስታ ሄዱ። የአውራጃው መስክ የእሳቸው ርስት አልነበረም፤ ከስምንት ክበብ የመጡት ተኳሾችም፣ አምስቱ ሴቶች ነበሩ፣ ጨዋነቱን አልሰሙም። ሻለቃው ከሃምሳው ዘጠኙን ብቻ መቱ። በዚያ ቀን ነፋስ አልነበረም፤ ዛፍም አልነበረም።

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ቀጠን ያሉ አሮጊት፣ መጨረሻ ለወጣው የተዘጋጀውን ሽልማት ይዘው ቀረቡ። የተገዛው ቶርንቢዎች ጃንጥላቸውን ከገዙበት ሱቅ ነበር።

«ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ ሻለቃ» አሉ በርኅራኄ።

ወዲያው ዝናብ ጣለ። ውድድሩን ልታይ የመጣችው ሞድ ሮዝ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ቆመው የሚበሰብሱትን ሻለቃ አየቻቸው።

«ይዘርጉት እንጂ» አለች። «ማበረታቻ ነው።»