የልሙጥ ፊት ሐፍረት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ፀጉር ቤቴ ስገባ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ቶንዶስና ምላጭ ይዘው ቆመዋል፤ እኛ ፀጉር አስተካካዮቹ ደግሞ አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተራ እንጠብቃለን። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ፤ እኔ መፍታት አላውቅበትም፣ እንዳየሁት ልናገር።

የተኛሁት ልጄን ሶልያናን እያሰብኩ ነበር። ብጉሩ ግንባሯንና ጉንጯን ከወረሰው ወዲህ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ድረስ ጠምጥማ ቤት መዋል ጀምራለች። የቆዳ ሐኪሙ የሰጣትን ቅባት ሳታቋርጥ ትቀባለች። «ወራት ይፈጃል፣ አትነካኪው፣ ታገሺ» ብሏታል። እሷ ታገሠች፤ ያገኛት ሰው ሁሉ ግን ሊታገሥላት አልቻለም። በማግስቱ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ፎቶ የሚነሱበት የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ፎቶ ያልተነሳ አይፈተንም። ሻርፕ ተጠምጥሞ ደግሞ ፎቶ የለም። «ይቅርብኝ፣ አልፈተንም» ብላኝ ነው የተኛችው።

እናም በሕልሜ ተራዬ ደረሰ። ሲላጭ እንኳ አፉን የማይዘጋው ደንበኛዬ አቶ ደምሰው አገጬን ቀና አድርጎ አየኝና ከንፈሩን መጠጠልኝ።

«አይ አንተ! ፊትህ እኮ ልሙጥ ነው።»

መስታወት ፈለግኩ። መስታወቱ ግድግዳው ላይ የለም፤ ወርዶ አንድ ሰውዬ ፊት ቆሞ፣ በሰውዬው ፊት ላይ ራሱን እያየ ፍሬሙን ያስተካክላል። ጉንጬን በእጄ ዳሰስኩት። እውነትም አንዲት ብጉር የለችበትም። ዙሪያዬን ስመለከት የሁሉም ፊት በብጉር አጊጧል። አፈርኩ። ምክሩም ይወርድብኝ ጀመር።

«ቅቤ ተቀባና ፀሐይ ላይ ተቀመጥ።»

«አጎቴን ያወጣለት ጥላሸት ነው። አለመታጠብ ነው ዋናው።»

«ምን አስጨነቀህ?» አለ ደምሰው፤ «ሚስትህን ስትፈታ ይወጣልሃል።»

ሁሉም ሳቁ። ሶልያና «ስታገቢ ይጠፋልሻል» ሲሏት የምትሆነውን ሆንኩ። ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

ውጪ ሐኪሞች ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በአንድ በሽተኛ ደጃፍ ተሰልፈዋል። በሽተኛው በመስኮት ብቅ ብሎ «ነገ ተመለሱ፣ ዛሬ አላመመኝም» ይላቸዋል። አስፋልቱ ላይ በጎች ሰው እየነዱ ወደ ገበያ ይወርዳሉ። አንዱ ሙክት ጠጋ ብሎ ወገቤን ጫን ጫን አደረገና «ይሄ ከስቷል፣ ደግሞም ልሙጥ ነው» ብሎ አለፈኝ።

ቤቴ ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። ባለቤቴ እታፈራሁ «ኧረ ተቀመጡ» ትላለች።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ትልቁ። «ልጃችን ፊቱ ልሙጥ ሆኖበት ከሰው ተለይቶ ቀረ። ከሶልያና ግንባር አንዲቷን ብጉር ትሰጡት ዘንድ ደጅ ልንጠና ነው የመጣነው።»

እታፈራሁ እንደ ወጉ ኮስተር አለች። «ገና ትናንት የወጣች ናት። ዘመድ ሳንማከር አንሰጥም፤ ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ሶልያና ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሻርፕ የለም። ፊቷ ሙሉውን ይታያል። ይሄ ፊት ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያኔ ነው የገባኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለቻቸው። «ብጉሯ ስታቃጥለው አብራችሁት ትቀመጣላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እኛስ ያለን ምክር ብቻ ነው።»

«ምክርማ እኛም ቤት ሞልቷል።»

ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። እኔ በሩ ኋላ ተሸሽጌ ነበር። አየችኝ።

«አባዬ፣ ጋቢውን አውርደው።»

«አይሆንም። ሰው ያየኛል።»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አንቺም አትዪኝ።»

«ያምሃል እንዴ?»

«ፊቴን አያመኝም። ሲያዩኝ ነው የሚያመኝ» አልኳት፤ እንባዬም መጣ።

ይሄን ተቀባ፣ ያን ጠጣ አላለችኝም። መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና የጋቢዬን ግማሽ ወስዳ ተከናነበች። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም። ከውጪ ፎቶ አንሺው ስሜን ተጣራ። ልነሳ ስል ፊቴ እሳት ሆነ።

ነቃሁ። እሳቱ ግን አልጠፋም።

እታፈራሁ አልጋው አጠገብ ቆማ «በስመ አብ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ትላለች። ትራሱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ደምሰው «ነጭ ሽንኩርት ወቅጠህ፣ በሎሚ ለውሰህ ቀባት፣ በአንድ ሌሊት ድራሹን ያጠፋዋል» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ልጄን ከመቀባቴ በፊት በራሴ ልሞክረው ብዬ ተለቅልቄው እንቅልፍ ጣለኝ። ግንባሬም ጉንጮቼም በርበሬ መስለዋል፤ አንዳንዱ ቦታ ውኃ ቋጥሯል።

ሶልያና ጩኸቱን ሰምታ ሻርፗን እስከ ዓይኗ እንደጠመጠመች መጣች።

«አባዬ! ምን ተቀብተህ ነው?»

«ያንቺን መድኃኒት።»

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፤ ሻርፑ አንገቷ ላይ ወረደ፣ አልመለሰችውም። በቀዝቃዛ ውኃ ፊቴን ስታጥብልኝ እንኳ ሳቁ አልለቀቃትም።

«ዛሬ መቼም ሥራ አትገባም» አለችኝ።

«እገባለሁ። መጀመሪያ ግን አንቺን ትምህርት ቤት አደርስሻለሁ።»

«እንዲህ ሆነህ?»

«እንዲህ ሆኜ።»

ፊቴን ትክ ብላ አየችው። መምከር ቃጥቶኝ ነበር፣ ዋጥኩት።

«ቆይ፣ ዩኒፎርሜን ልልበስ» አለች።

ትምህርት ቤቱ በር እስክንደርስ ድረስ፣ መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያየው እኔን ነበር።