ጋሽ አበጀ ጎልፍ ሲጋበዙ

ከአምስት አበሻ መሀል አንዱ ተጠራጣሪ ነው። የቀሩት አራቱ ደግሞ እሱ ምን እንደጠረጠረ ለመስማት አጠገቡ ይቀመጣሉ። ተጠራጣሪ የሌለበት ዕድር፣ ተጠራጣሪ የሌለበት ሠርግ፣ ተጠራጣሪ የሌለበት የአፓርታማ ሕንፃ እስካሁን አላየሁም። እኛ ጋ፣ አሜሪካ ላንድማርክ በሚባለው ሠፈራችን፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ማንም ሳይመርጣቸውና ማንም ሳይሾማቸው ይዘውት የኖሩት ክቡር ጋሽ አበጀ ናቸው። ሥልጣን ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀረም።

«ብቻውን አልመጣም!» ይላሉ፣ ሌባ ጣታቸውን አፍንጫቸው ጎን አስጠግተው። አለቃቸው «ጥሩ ሠርተሃል» ካላቸው ነገሩ ብቻውን አልመጣም። ጎረቤት ምግብ ከላከ ብቻውን አልመጣም። ሐኪም «ጤነኛ ነዎት» ያላቸው ቀን ወጥተው በቀጥታ ሌላ ሐኪም ጋ ሄዱ። ሁለተኛውም ያንኑ ሲላቸው «ተደዋውለዋል» አሉ።

ዲቪ የደረሳቸው ጊዜ ፖስታውን አራት ወር መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበት እንደነበር ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዓለም ነግረውኛል። «አሜሪካ እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?» ነበር ጥያቄያቸው። እንግዲህ በሲልቨር ስፕሪንግ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የመኪና ጭስ ካጠጣቻቸው በኋላ ሳስበው ጥያቄው መጥፎ አልነበረም። ለማንኛውም እትዬ ሸዋዓለም መሳቢያውን ሰብረው ፎርሙን ሞሉትና ቀኑ ሊያልፍ ሲል አሜሪካ ገቡ።

አንድ ጊዜ ቤልትስቪል የሚባል ከተማ ለክርስትና ተጠርተን በእኔ መኪና አብረን ሄድን። መንገድ የምትነግረውን ማሽን ሳበራ ዐይናቸው ፈጠጠ። «ሀዲስ፣ እቺ ሴትዮ የምንሄድበትን እንዴት አወቀች?» አሉኝ። ነገርኳት ብላቸው ባሰ። እሷ ግራ ስትል እሳቸው ቀኝ፣ እሷ ቀኝ ስትል እሳቸው «ቀጥ በል፣ ትድከም!» እያሉኝ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሕፃኑ ተኝቶ፣ ሰዉ ኮቱን ሲለብስ ደረስን። «ቢያንስ እሷ ባለችው አልመጣንም» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። እኔ ርቦኝ ነበር።

ታዲያ እኚህ ሰው በዓለም ላይ ያልጠረጠሩት አንድ ነገር ቢኖር የጎልፍ ኳስ ነው። ጓደኛቸው ገብረየስ ፌርፋክስ አካባቢ ያለ የጎልፍ ሜዳ ሣር አጫጅ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ መለማመጃው ላይ ዱላ አስያዛቸው። መቱ። ኳሷ ሄዳ ሄዳ ወደቀች። ጋሽ አበጀ ግንባራቸውን በእጃቸው ከልለው የወደቀችበትን አዩና «ይቺ እንኳን የምትደብቀው የላትም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት ቢፈልጓቸው ሌላ ቦታ የሉም።

ግን ስምንት ዓመት ሙሉ መለማመጃው ላይ ሲመቱ ኖረው አንድም ቀን እውነተኛው ሜዳ ገብተው አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ተጫውተው አያውቁም። ምክንያቱም ለመጫወት ሰዓት ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ሰዓት ለማስያዝ ደግሞ ስምና ስልክ ቁጥር ይጠየቃል። «ሣር ላይ ለመሄድ ስሜን ምን ያደርጉታል?» ብለው ቀሩ።

በፈረንጆቹ 2013 ጡረታ ሲወጡ እትዬ ሸዋዓለም በመርከብ ሽርሽር አስያዙላቸው። ከባልቲሞር ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ ነው። እኔ፣ ገብረየስና የአሌክሳንድሪያው ባለ ታክሲ ፍሰሐ ከነሚስቶቻችን ተከተልን። መርከቡ የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ እንደሚቆም ስናይ ሦስታችንም አንድ ሐሳብ መጣልን፤ ጋሽ አበጀን ጎልፍ እንጋብዛቸው። ሙሉውን ሜዳ፣ አሥራ ስምንቱንም ጉድጓድ፣ በስማቸው ተይዞ። ችግሩ ቀድመን ከነገርናቸው እምቢ ይላሉ። ስለዚህ መደበቅ አለብን አልን።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። እኛ ሰዎች ምስጢር መጠበቅ የምናውቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመርዶ ነው። የሞተበትን ሰው እስኪነገረው ድረስ እንዴት እንደምንይዘው ተክነንበታል፤ ሌላ ነገር ደብቀን ግን አናውቅም። ስለዚህ ሳናስበው ሁሉን በደንቡ አደረግነው። እሳቸው ሲመጡ ወሬያችንን እናቋርጣለን። ፍሰሐ ያለወትሮው ወንበር ይስብላቸዋል። የጎልፍ ሜዳው ማረጋገጫ የተላከው በስማቸው ስለሆነ እንዳያዩት ብለን እትዬ ሸዋዓለም የባላቸውን ስልክ ቦርሳቸው ውስጥ ሸሸጉት። ናሶ የምንደርስበት ዋዜማ ማታ ደግሞ እኔ ነኝ ጉደኛው፣ «ጋሽ አበጀ፣ ነገ ጠዋት በጊዜ እንመጣለን፤ እንፈልግዎታለን» አልኳቸው። ቀስ ብዬ፣ ትከሻቸውን ይዤ።

አንድ ነገር ረስተን ነበር። ጋሽ አበጀን እንደ እናት ያሳደጉት ታላቅ እህታቸው እትዬ አሰለፈች ደብረ ብርሃን ታመው ሆስፒታል ከገቡ ሁለት ሳምንታቸው ነበር። ጋሽ አበጀ ጉዞውን ሊሰርዙት ሲሉ «እኔ ለጉንፋን አልሞትም፤ ሂድ!» ብለው በስልክ ተቆጥተዋቸው ነው የመጡት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችን በራቸውን አንኳኳን። ወዲያው ተከፈተ። ጋሽ አበጀ ለመርከቡ የእራት ግብዣ ያመጡትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ጥቁር ከረባት አስረው፣ ዐይናቸው ቀልቶ ቆመዋል። አልጋው በእሳቸው በኩል በጭራሽ አልተተኛበትም። እትዬ ሸዋዓለም ከኋላቸው በሱፉ ግራ ተጋብተው ያዩናል።

«ግቡ» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ንገሩኝ። ማን እንደሆነች አውቄዋለሁ።»

«ሰርፕራይዝ!» አለ ፍሰሐ። ዱላዎቹን ከበሩ ውጪ ጎትቶ አስገባቸው። «ጎልፍ ነው! አሥራ ስምንቱንም!»

ጋሽ አበጀ ዱላዎቹን አዩ፤ እኛን አዩ። «ጎልፍ» አሉ። «ገባኝ። ከሚስቴ ፊት አይነገርም ማለት ነው።» ብለው ተነሱ።

ኧረ በሕግ አምላክ! ታክሲ ውስጥ ምን ያላልናቸው ነገር አለ? እትዬ አሰለፈች ደህና ናቸው አልን። ስለሳቸው የሰማነው የለም አልን። ማርያምን፣ ገብርኤልን፣ ጊዮርጊስን አንድ በአንድ ጠራን። እሳቸው በመስኮቱ ባሕሩን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ደርሰን ተራቸው ሲሆን ዱላውን ተደገፉና ወደ ገብረየስ ዞሩ።

«አባትህ በ2006 ሲያርፉ እኔም ማርያምን ብዬልሃለሁ» አሉት። «ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳደርስህ። አሥራ አንድ ቀን።»

ገብረየስ ደነገጠ። «አሥራ አንድ ቀን? ሁለት ቀን ነው ያላችሁኝ!»

«ቅዳሜና የአንተ የዕረፍት ቀን እስኪገጥም ነው። ቤትህ እራት እየበላሁ ከአንተ ጋር እስቅ ነበር። አባባ እንዴት ናቸው ስትለኝ ደህና ናቸው እያልኩህ።» ዱላቸውን አነሱ። «አሁን የኔ ስንተኛ ቀን ነው?»

ምን እንላለን? ሁላችንም ለአንድ ሰው በማርያም ምለን ዋሽተን እናውቃለን። መሐላችን ዋጋ እንደሌለው ያን ቀን ናሶ ላይ ነው የገባኝ። ደግሞ ጎልፉ እንዳይቀር ሆነ፤ እሳቸው «የምትነግሩኝ ቦታ እስክንደርስ እንሂድ» ብለው መምታት ጀመሩ።

ሰው በጥቁር ሱሪና በጥቁር ከረባት፣ እንባውን ዋጥ እያደረገ፣ እንዲህ አሳምሮ ይመታል ብዬ አላስብም ነበር። ኳሷ ቀጥ እያለች ትሄዳለች። ከኋላችን የሚጫወቱ ፈረንጆች ቆመው አጨበጨቡላቸው። በየጉድጓዱ ስንደርስ ጥላ ያለው ዛፍ ካለ ጋሽ አበጀ ወደ ዛፉ ያያሉ፤ እዚያ ወስደን የምናስቀምጣቸው እየመሰላቸው። ፍሰሐ ውሃ ሲያቀርብላቸው ሳይቀምሱት መለሱለት፤ ለመርዶ ሲሄዱ ውሃ መያዝም በደንቡ አለና። ሦስተኛው ላይ በጣም ጥሩ መቱና ሁላችንም ከሚገባው በላይ ጮኽን። «አያችሁ፣ እያባበላችሁኝ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ መጮህ አቆምን፤ እሱንም «ዝም አላችሁ» ብለው ያዙብን። ወይ ጣጣ!

ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ዱላቸውን ሣሩ ላይ ጣሉና ተቀመጡ።

«ከዚህ በላይ አልችልም» አሉ። «እሷ እኔን አዝላ ነው ውሃ የቀዳችው። እባካችሁ፣ አንዳችሁ ወንድ ሁኑና ንገሩኝ።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ፣ አልዋሽም፣ በልቤ እየሳቅኩባቸው ነበር፤ ላንድማርክ ስመለስ እንዴት አድርጌ እንደማወራው ሳሰናዳ ነው የቆየሁት። ስልኬን አውጥቼ የእህታቸውን ቁጥር ጠየቅኳቸው። በቃላቸው ያውቁታል። ቀጥታ ደብረ ብርሃን ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ መሀላችን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ገብረየስ ኮፍያውን አወለቀ። ከምር እኔም በዚያች ደቂቃ ሰውዬው ትክክል ቢሆኑስ ብዬ መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

«ሃሎ?» አለ አንድ የሻከረ ድምፅ።

«እትዬ!» ጋሽ አበጀ በጉልበታቸው ስልኩ ላይ ተደፉ። «እትዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ። አበጀ ነህ? ምነው? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም!»

«ሸዋዓለም ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። እኔ ጎልፍ እየተጫወትኩ ነው።»

«ምን እየተጫወትክ?»

«ኳስ ነው እትዬ። በዱላ የሚመታ።»

«በግንቦት ገና?» አሉ እትዬ አሰለፈች። «አንተ ልጅ፣ የሆነ ነገር ደብቀኸኛል። አጠገብህ ያለውን ሰው ስጠኝ።»

ስልኩን አነሳሁና «እትዬ፣ ሀዲስ እባላለሁ፤ ማርያምን ማንም አልሞተም» አልኳቸው።

«መሐላህን ለራስህ ያዘው» አሉኝ። «እሱን ሳቅ በለው፤ ልስማው።»

ለጋሽ አበጀ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልወጣላቸውም። ከዚያ ከሆዳቸው አንድ ነገር ተነሳና፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ጥቁር ከረባታቸውን ይዘው እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ፍሰሐማ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ደብረ ብርሃን ያሉት ሴትዮ ሲያዳምጡ ቆዩና «በል ደህና ነህ» ብለው ዘጉት።

ጋሽ አበጀ ከረባታቸውን ፈቱ። አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ከአንደኛው እንጀምር» አሉ። «እስካሁን እኮ አልተጫወትኩም።»

ወደ ኋላ መመለስ አይፈቀድም ብለን በስንት ልመና ከሰባተኛው ቀጠልን። ከዚያ በኋላ አንዲት ኳስ ቀጥ አልሄደችላቸውም። ውሃ ውስጥ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አንዷን ደግሞ የሰው በረንዳ ላይ ሰደዷት፤ በእያንዳንዷ እየሳቁ። እንዲህ ደስ ብሎት የተሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም።

መርከቡ ጋ ስንደርስ ግን በር ላይ ያለው ሠራተኛ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ፈገግ ሲልላቸው ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ይሄስ ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ። ድነዋል ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ የእኔ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ አበጀ ከፊት፣ ገብረየስና ፍሰሐ ከኋላቸው፣ ከዚያ ኋላ አምስት ስድስት ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ደንቡ ይታወቃል። ሰዉ ይገባል፣ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ይጸልያል፤ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ይወራል፤ ባለቤቱ ደግሞ የእያንዳንዱን ፊት እየመረመረ ማን ይሆን እያለ ይቃጠላል። ጋሽ አበጀ ደፉን እንኳ አልተሻገሩም። ሁለት እጄን ያዙና «ሀዲስ ልጄ፣ እናትህ ናቸው» አሉኝ። «ትናንት ነው። ሳይሰቃዩ ነው። ከዚህ ሌላ የደበቅንህ የለም።»

ከኋላ ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ እንዲህ አይነገርም! ምን ዓይነት ሰው ነው?» ሲሉ በለቅሶዬ መሀል ሰምቻቸዋለሁ። እስከ ዛሬም ጋሽ አበጀ መርዶ መንገር የማያውቁ ሰው ናቸው እየተባለ ይታማሉ። እኔ ዘንድ መጥቶ የሚያማቸው ሰው ግን ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም። እሳቸው ስድስት ጉድጓድ ሙሉ የጠበቁትን ነገር እኔን አንዲት ደቂቃ እንኳ አላስጠበቁኝም።