አንጎሌ በጸሎት መሃል ሲታጠብ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ሁለተኛ ምሳ የሚጋብዘኝ አይኖርም። ግን ከእናንተ ምን ይደበቃል? ሼር ብቻ እንዳታደርጉት።

ገደብ ከተማ ሄጄ ነበር። ከእጮኛዬ ከታምራት ቤተሰብ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልተዋወቅ።

እንደምታውቁት ዲላ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስፈትን፣ ሳርም ከረምኩ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቢሆንም ፀጉሬን ተሠርቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ከች!

እናትየው አቅፈው ሳሙኝ። አባትየው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ የተከበሩ ሰው። ቆጮውም ሥጋውም ቀረበ።

"እንጸልይ" አሉ አባትየው።

ዓይን ጨፍኑ ማለት ነው። እኔን! በዚህ ሳምንት!

አባባ ለምግቡ አመሰገኑ። ከዚያ ለዝናቡ። ለቡናው። ለጎረቤቱ። በሞያሌ መንገድ ላይ ላሉ ሾፌሮች ሲጸልዩ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ተማሪዎቼ ወረቀት አንመልስም ብለውኛል።

"በቃ፣ ሰዓት አልቋል! እስክሪብቶ አስቀምጡ!"

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ጸሎቱ ቆመ።

ዓይኔን ስገልጥ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ታምራት ብቻ ሥጋውን ያያል።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ቲቸር ግን ዝም አትልም። "ይቅርታ አባባ... ሰው ሲተኛ በአንጎል ሴሎች መካከል ፈሳሽ ይዘዋወራል፤ ቀን የተጠራቀመውን ቆሻሻ ጠርጎ ያወጣል። እኔ ሳልተኛ ስለከረምኩ ቆሻሻው በዝቶብኝ ነው።"

አማቶቿ ፊት "ጭንቅላቴ ቆሻሻ ሞልቶታል" ብላ ራሷን ያስተዋወቀች ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እናትየው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቅ መሆኑ የገባኝ።

"ተመስገን" አሉ፤ "በየእሁዱ ወጡ እየቀዘቀዘ መከራችንን አይተናል። ሰዓት የሚይዝ ሰው መጣልን።"

አባባ ትክ ብለው አዩኝ። "ባሕር ማዶ ላሉት ገና አልጸለይኩም ነበር" አሉ በእርጋታ። ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና "ለማንኛውም፣ አሜን።"

በልተን ስንጨርስ እናትየው እጄን ይዘው መኝታ ቤት አስገቡኝ። "በይ ታጥበሽ ነይ" ብለው በሩን ዘጉት።

ተኛሁ። እንዴት ያለ እንቅልፍ!

የትራሱ ጥልፍ ጉንጬ ላይ ታትሞ ስወጣ አባባ ቀና አሉ። "እህ ልጄ፣ ጠራ?"

"ጠርቷል፣ አባባ።"

"እንግዲያው ቁጭ በይ፤ የሠርጉን ነገር እንነጋገር።"

እና ትምህርቱ ምንድን ነው? አማት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ተኙ። አንጎል ቀጠሮ አያከብርም፤ ጽዳቱን ባገኘው ቦታ ይጀምራል።

አሁን ጭንቄ ሌላ ነው። በሠርጋችን ቀን የሚጸልዩት እሳቸው ናቸው አሉ። ከጓደኞቼ መካከል ክርኗ ሹል የሆነ፣ ሚዜ የምትሆነኝ ማን አለች?